የትንፋሽ ልክ በጤና ጣቢያ
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ስለ አስምና ሥር ስለ ሰደደ የሳንባ በሽታ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ርእሱ የሐኪም እንጂ የመሐንዲስ አይደለም የሚል ሰው እንደማይታጣ ገምቼ ነበር። እኔም አስቀድሞ ያሰብሁት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ቀረብ ብዬ ስመለከተው፣ በገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠራው ባለሙያና በትልቅ ሆስፒታል ያለው ስፔሻሊስት እንዳይደማመጡ ከሚያደርጓቸው ምክንያቶች አንዱ በእኛው በመሐንዲሶች እጅ የሚገኝ ሆኖ አገኘሁት። ይኸውም የመለኪያ ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው የሀገራችን የጤና አገልግሎት በደረጃ የተዋቀረ ነው። በገጠር እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ አንድ ጤና ኬላ፣ ለ25,000 ሕዝብ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ ደግሞ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እንዲኖር ታቅዷል። የሳንባ ስፔሻሊስት ግን በእነዚህ ደረጃዎች አይመደብም። የሳንባና የፅኑ ሕሙማን ሕክምና ከፍተኛ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚያ ወዲህ የተመረቁት ሐኪሞች ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነው ሕዝብ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚሠሩት በዋና ከተማው ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ በመካከሉም የዓባይ ሸለቆ ተጋድሟል። ስለሆነም ስፔሻሊስቱ ራሱ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ምክሩ ጤና ጣቢያው ድረስ የሚዘልቅበትን መንገድ ማበጀት ይሻላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጮቄ ተራራ ግርጌ ከሚገኙት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የተበላሸ አውቶክሌቭ ለመጠገን ሄጄ ነበር። ሥራዬን ሳልጨርስ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው እናት በባለቤታቸው ተደግፈው ገቡ። የትንፋሻቸው ሲርታ ከደጅ ይሰማል። ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ አክታ ሰጥተው ከሳንባ ነቀርሳ ነፃ መሆናቸው ተነግሯቸዋል፤ ሦስት ጊዜም አንቲባዮቲክ ወስደዋል። የሕመማቸውን ስም ግን የነገራቸው አልነበረም። ጤና መኮንኑ ወደ አንድ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ስልክ ደወለ። ሐኪሙ «የትንፋሻቸው ልክ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጤና መኮንኑ «በጣም ያፍናቸዋል፣ ዶክተር» ከማለት በቀር የሚመልሰው አልነበረውም። «እንግዲያውስ ላካቸው» ተባለ። ባልየው ይህን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ባለፈው ከተማ የወረድነው በግ ሸጠን ነው። አሁን የቀረን በሬው ነው» አሉ።

የትንፋሽ ፍጥነት መለኪያው፣ ፒክ ፍሎው ሜትር የሚባለው፣ በዚያው ክፍል መሳቢያ ውስጥ ከነማሸጊያው ተቀምጦ ነበር። ሲመጣ በንብረት መዝገብ ገብቷል፤ አጠቃቀሙን ግን ያሳየ ሰው የለም። እኔ መመሪያውን አነበብሁ፤ ጤና መኮንኑ አስነፋቸው። ከሦስት ሙከራ የተሻለው ንባብ በደቂቃ 180 ሊትር ሆነ። ሳልቡታሞል ከሳቡ ከሃያ ደቂቃ በኋላ 270 ደረሰ። ስልኩ ሁለተኛ ተደወለ። ስፔሻሊስቱ ሁለቱን ቁጥሮች እንደ ሰማ፣ ይህን ያህል የሚመለስ ትንፋሽ አስምን በብርቱ እንደሚያመለክት ተናገረ፤ መድኃኒቱን ከነመጠኑ አዘዘ፤ ንባቡ ከስንት ሲወርድ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለባቸውም ወሰነ። በሬው ሳይሸጥ ቀረ።

ያን ዕለት የተገነዘብሁት፣ ስልክ ብቻውን ስፔሻሊስቱን ወደ ጤና ጣቢያው እንደማያቀርበው ነው። «ያፍናቸዋል» የሚለው ቃል ለሐኪሙ ፍርሃት እንጂ መረጃ አይሰጠውም፤ የፈራ ሐኪም ደግሞ «ላካቸው» ይላል። ቁጥር ሲደርሰው ግን ሊፈርድ ይችላል።

መሣሪያው ኤሌክትሪክ አይፈልግም። እንግሊዛዊው ማርቲን ራይት በ1950ዎቹ የሠሩት ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ተቃልሎ በእጅ የሚያዝ ሆነ፤ በውስጡ ያለው ሞላና ትንፋሽ የሚገፋው ጠቋሚ ነው። ሆኖም ለእኛ ደጋ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የማያንስ ከፍታ ስላላት፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ይህ ዓይነቱ መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት ከአሥር እጅ አንድ እጅ በላይ ዝቅ አድርጎ ያነባል። በባሕር ወለል ልክ የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ እንዳለ የሚከተል ባለሙያ ጤነኛውን በሽተኛ ሊያደርገው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሕመምተኛው ደኅና በሆነበት ጊዜ በአንድ ዓይነት መለኪያ ያስመዘገበውን ከፍተኛ ቁጥር በካርዱ ላይ ጽፎ፣ የኋላውን ሁሉ ከራሱ ቁጥር ጋር ማስተያየት። ከግማሽ በታች የወረደ ንባብ የአደጋ ምልክት ነው።

የሆስፒታሉ ድርሻ ከዚህ ይቀጥላል። በአስም የጠበበ የአየር ቧንቧ በመድኃኒት ይከፈታል፤ ሥር በሰደደው የቧንቧ መጥበብ ግን ጥበቱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሁለቱን በሚገባ የሚለየው ስፓይሮሜትር ነው። ይህ መሣሪያ በ3 ሊትር መርፌ መመርመር፣ የአካባቢው ሙቀትና የአየር ግፊትም በትክክል ሊሞላለት ይገባል። ይህ የማን ሥራ ነው ቢባል የእኛ ነው።

መድኃኒቱ ቢገኝም ሳንባ ካልደረሰ ዋጋ የለውም። የሚሳበውን መድኃኒት ከትንፋሽ ጋር ማስማማት ላቃተው ሰው ስፔሰር የሚባለው መያዣ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የኬፕ ታውን ሐኪሞች ጥናት፣ ከ500 ሚሊ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ስፔሰር ለልጆች ከፋብሪካው እኩል እንደሚያገለግል አሳይቷል። የጠርሙሱ ግርጌ በጋለ ሽቦ በመንፊያው አፍ ልክ ይበሳል፤ ዙሪያው በሙጫ ይታሸጋል። ይህን መሥራት የማይችል ወርክሾፕ አላውቅም። ደግሞም ሳልቡታሞል ቧንቧውን ለጊዜው ይከፍታል እንጂ የውስጡን ቁጣ አያበርድም። ከ2019 ወዲህ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ አዋቂዎችና ወጣቶች በእርሱ ብቻ እንዳይታከሙ፣ የሚሳብ ስቴሮይድም እንዲያገኙ ይመክራል። ስለዚህ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲጠይቅ ሁለቱንም አብሮ መጠየቅ አለበት።

ስፔሻሊስቱ በመጨረሻ «ከጭስ ይራቁ» ይላል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ለሳንባም ይህ ተረት ከፊል እውነት አለው። ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስቱ ጉልቻ ይልቅ እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ነገር ግን ማገዶ መቆጠቡ ብቻ ሳንባን ያድናል ማለት አይቻልም፤ በማላዊ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ሰፊ ጥናት፣ የተሻሻለ ምድጃ የሕፃናትን የሳንባ ምች እንዳልቀነሰ አመልክቷል። በብርዱ የጮቄ ግርጌ እሳት የሚነደው ለእንጀራ ብቻ ሳይሆን ለሙቀትም ነውና፣ የጭስ መውጫ፣ የተለየ ማድቤትና የኤሌክትሪክ ምጣድ አብረው ሊታሰቡ ይገባል።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ለጤና ጣቢያዎች የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት የክሊኒክ መመሪያ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያለበትን ሰው በምን ቅደም ተከተል መመርመር እንደሚገባ ይናገራል። ስለዚህ የጎደለን መመሪያ አይደለም። ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን ቢይዝ ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ ማናችንም ለጥገና በሄድንበት ጤና ጣቢያ መሳቢያዎቹን ከፍተን የተኛውን መለኪያ እንድናስነሣና አጠቃቀሙን እንድናሳይ። ሁለተኛ፣ ወርክሾፖቻችን የጠርሙስ ስፔሰር ሠርተው እንዲያከፋፍሉ። ሦስተኛ፣ የትንፋሹ ልክ የሚጻፍበት አንድ መሥመር በሪፈር ወረቀቱ ላይ እንዲታከልና፣ ስፔሻሊስቱም መልሱን በዚያው ወረቀት ጽፎ ከሕመምተኛው ጋር እንዲመልሰው ከጤና ባለሙያዎች ጋር እንድንመክር።

እኒያ እናት ከሄዱ በኋላ አውቶክሌቩን ጠግኜ ጨረስሁ። በዚያ ቀን ከሠራኋቸው ሁለት ሥራዎች ትልቁ ግን መሳቢያውን መክፈቴ ነበር።