አባ ጎርጎርዮስ በሰው አገር ያስተማሩት ትምህርት



ሰው በአገሩ ሳለ የያዘው ዕውቀት ምን ያህል እንደ ሆነ አይታወቀውም። በሰው አገር ሲቀመጥ ግን፥ ቤቱና መጽሐፉ በኋላው ቀርተው በልቡ ያለው ብቻ ሲከተለው፥ ሀብቱን ያን ጊዜ ይቈጥረዋል። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. ወደ በርሊን ሄደው አማርኛ አስተምረዋል። ዛሬ የሚነገረው ግን ከእርሳቸው 250 ዓመት ያህል ቀድመው በዚያው በጀርመን አገር ስለ ተቀመጡት ስለ አባ ጎርጎርዮስ ነው። ከዚህ በታች የሚጠሩትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ በአምሐራ አገር የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለ ሃይማኖት ብዙ ክርክርና ደም መፋሰስ ሆነ፤ ንጉሡም በ1632 መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስ የአባቶችን ሃይማኖት ከመለሱ በኋላ የሮማ መምህራን ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ጎርጎርዮስም ከእነርሱ ጋራ ተስማምተው ነበርና አገራቸውን ትተው ተሰደዱ። በመጨረሻም በሮማ ከተማ፥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ የሐበሾች ማረፊያ ተቀመጡ። ይህ ቤት ከእርሳቸው በፊት ከ100 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆኖ የኖረ ነው።

በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጐልማሳ ወደዚህ ቤት መጣ። እርሱም የጀርመን ሰው፥ የኤርፉርት ተወላጅ ነው። ግዕዝን ከመጽሐፍ ብቻ ተምሮ ነበር እንጂ ከሊቅ አፍ የሰማው አልነበረም። አባ ጎርጎርዮስም በዕድሜ እጅግ የሚበልጡት ሲሆኑ ይህን እንግዳ ደቀ መዝሙር ተቀበሉት፤ ግዕዙን አቀኑለት፥ ከግዕዙም ጋራ አማርኛን አስተማሩት።

ይህ ሥራ ቀላል አልነበረም። ግዕዝ በአገር ቤት ንባብ፥ ዜማ፥ ቅኔ፥ ትርጓሜ ተብሎ በየጉባኤው ሲሰጥ የኖረ ነው፤ አማርኛ ግን በእናት ጭን ላይ የሚለመድ እንጂ በትምህርት ቤት የሚጠየቁበት አልነበረም። ለምሳሌ «አለ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው። «ገና»ም ጠብቆ የልደት በዓል ሲሆን ላልቶ ጊዜው አልደረሰም ያሰኛል። ፊደሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያሳየው የመምህሩ አፍ ብቻ ነው። የአገር ልጅ ይህን ሳያስብ ይናገረዋል፤ ባዕድ ግን ስለ ምን እንዲህ ሆነ ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ባለው ጥያቄ ተማሪው ቋንቋውን ሲማር፥ መምህሩ ደግሞ የገዛ ቋንቋውን እንደ አዲስ ይመለከታል።

በ1652 የጎታ መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን አገር አስጠሩ። በመስፍኑም ግንብ ጥቂት ወራት ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ተጠየቁ፤ ስለ ነገሥታቱ፥ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት፥ ስለ ሕዝቡ ልማድ፥ ስለ ምድሩ የሚያውቁትን ተናገሩ። ሉዶልፍም እየሰማ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ወደ ኢጣልያ ተመለሱ፤ ከደቀ መዝሙራቸው ጋራ ግን ደብዳቤ መጻጻፍን አልተዉም።

በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ በመርከብ ተሳፈሩ። ዛሬ በቱርክ አገር እስክንድሮን በሚባለው ወደብ አጠገብ መርከቧ ተሰበረችና አባ ጎርጎርዮስ በባሕር ሰጥመው ሞቱ። አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያ ሁሉ ዕውቀት በልባቸው ብቻ ተሰውሮ ቢሆን ኖሮ ከእርሳቸው ጋራ በሰጠመ ነበር። ነገር ግን ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፥ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፥ በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። በ1691 ባሳተመው የታሪኩ ማብራሪያም የመምህሩን ሥዕል አኑሮላቸዋል። የአማርኛው ሰዋስው የታተመው መምህሩ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ስለዚህ ነው።

በዚህ ደስታ ውስጥ ግን ኀዘንም አለ። ታሪኩ የተጻፈው በላቲን ቋንቋ ነበረና የመካነ ሥላሴ ሰው የገዛ ልጁ የተናገረውን ሊያነበው አልቻለም። የአገሩ ነገር ለባዕድ ተገልጦ ለባለቤቱ ተሸሸገ። ይህም የሆነው ሉዶልፍ ስለ ጠየቀና ስለ ጻፈ አይደለም፤ እርሱስ ምስጋና ይገባዋል። በአገር ቤት ሽማግሌውን አስቀምጦ የሚጠይቅና የሚጽፍ ደቀ መዝሙር ስለ ታጣ ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ልጅ ስለ ምን ብሎ ሲጠይቅ እንደ ድፍረት አትቍጠሩበት። ይልቁንም ሌላ ቋንቋ በቤቱ ተናግሮ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣውን ልጅ እንደ ደካማ አትዩት፤ እርሱ ለመምህሩ እንደ ሉዶልፍ ነው፥ የሚጠይቀውም የአገር ልጅ የማይጠይቀውን ነው።

ከማስተማር ሥራ ያረፋችሁ አረጋውያን ሆይ፥ ዕረፍት የእጅና የእግር ነው እንጂ የአንደበት አይደለም። መምህሩ በየሳምንቱ አንድ ተማሪ ደብተር አስይዞ ወደ ሽማግሌው ይላክ። ተማሪውም የወንዙን ስም ምክንያት፥ የደብሩን አተካከል፥ የእርሻውን ወራት፥ የዕርቁን ሥርዓት አንድ አንድ እየጠየቀ ይጻፍ። የጻፈውንም ለሽማግሌው መልሶ ያንብብ፤ የተሳተተው ይታረም፤ የተናጋሪው ስምና ቀኑ ከግርጌው ይጻፍ፤ ደብተሩም በትምህርት ቤቱ ሣጥን ይቀመጥ።

ይህን ለማድረግ ብራናና ቀለም ሊቅነትም አያስፈልግም፤ አንድ ጠያቂና አንድ መላሽ ይበቃሉ። ሽማግሌውም የመጨረሻውን መንገዱን ሲሄድ ዕውቀቱ አብሮት አይቀበርም፤ የልጅ ልጁ በገዛ ቋንቋው ያነበዋል።

እግዚአብሔር የሚጠይቀውንም የሚመልሰውንም ይባርክ።