የማይጨው ጎልማሳ



በ1928 ዓመተ ምሕረት መጋቢት 22 ቀን፥ ገና ሳይነጋ፥ የኢትዮጵያ ሠራዊት በማይጨው ከኢጣልያ ጦር ጋራ ገጠመ። ሳምንቱ የዐቢይ ጾም ኒቆዲሞስ ነበረ። ኒቆዲሞስ በሌሊት ሄዶ የተማረ፥ ኋላም 100 ንጥር የሚያህል ከርቤና ሬት አምጥቶ ከዮሴፍ ጋራ ጌታን የገነዘ ነው። በዚያው ሳምንት በሌሊት የተጓዘው ጎልማሳ ግን፥ ብዙው ገናዥ አላገኘም። የተረፈው ወገኑም ወደ አሸንጌ ሲመለስ ከአየር ቦምብና የመርዝ ጢስ ወረደበት፤ እንደ ምን ቀባሪ ይሁነው?

አርባው የሚውለው ግንቦት 1 ቀን፥ በእመቤታችን ልደት ነበረ። ጠላት ግን ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገብቷል። ደግሞስ መርዶ ያልደረሳት እናት፥ ልጅዋ ይመጣል ብላ ደጅ ደጁን እያየች፥ ፍትሐት ታስፈታ ዘንድ ማን ደፍሮ ይነግራታል?

ሠራዊቱ የሚያውቀው በዓለም ስሙ ነው፤ ካህን በጸሎት የሚጠራው ግን በክርስትና ስሙ ነው። ያን ስም የሚያውቁት ያጠመቀው ካህን፥ እናቱና የክርስትና አባቱ ነበሩ፤ እነርሱም ዐርፈዋል።

እንግዲህ ከቤተ ሰቡ እንዲህ ያለ ጎልማሳ የቀረበት፥ የክርስትና ስሙንም ከአያቱ የሰማ ምእመን ቢኖር፥ በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ለደብሩ ካህናት ያስታውቅ፤ መጋቢት 22 ቀን በጸሎት ይጠራ ዘንድ።