የማይዞረው ፋን

መኪናዎ ሲሮጥ ደህና ነው፤ መገናኛ ላይ መንገድ ሲዘጋጋ ግን የሙቀት ጌጁ ሽቅብ ይወጣል? የራዲያተሩን ፋን ይጠርጥሩ። ሲሮጥ ንፋሱ ያበርደዋል፤ ሲቆም ያለ ፋን የሚያበርደው የለም።

ሞተር አስነስተው ኤሲውን ይክፈቱ። በአብዛኞቹ መኪኖች ፋኑ አብሮ ይነሳል። ከተነሳ ፋኑ ደህና ነው፤ የሙቀት ሴንሰሩና ሽቦው ይታይ። ካልተነሳ ፊውዙን ይመልከቱ። ተቃጥሎ ከሆነ፣ እንደ ልማዳችን፣ በሽቦ ቁራጭ አይተኩት! ቀጥሎ ሪሌው፦ ከክላክሱ ሪሌ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ አቀያይሮ መሞከር ነው፤ ወጪ የለውም። ባለ ሁለት ሽቦ ፋን ከሆነ ደግሞ ሶኬቱን ነቅሎ ከባትሪው 12 ቮልት በቀጥታ መስጠት። ያኔም ዝም ካለ የፋኑ ሞተር ሞቷል።

ጣትዎን ግን ያርቁ፤ አንዳንዱ ፋን ቁልፍ ተነቅሎም በድንገት ይነሳል።