ሥራ ሲዛወር



በሰበታ ወፍጮ ቤት በአንደኛው ወፍጮ ፊት ሰልፉ ረዝሞ፣ ጎረቤቱ ወፍጮ ሥራ ቢፈታ ሁላችንም እናዝናለን። የኮምፒዩተርም ነገር እንዲሁ ነው። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ሰልፍ አለው፤ ሥራ የፈታው ከተጨናነቀው ጎረቤቱ ሥራ ይወስዳል።

ነገር ግን ዝውውር ዋጋ ያስከፍላል። ሥራው ካሽ በሚባለው የፕሮሰሰሩ ፈጣን ማኅደር ያከማቸውን ትቶ ስለሚሄድ፣ በአዲሱ ስፍራ እንደገና መሰብሰብ ይኖርበታል። ስለዚህ ከርነሉ በተለመደው አሠራሩ፣ ከሮጠ 0.5 ሚሊሰከንድ ያልሞላውን ሥራ «ገና ትኩስ ነው» ብሎ ለማዛወር አይቸኩልም።

እኛም ክፍል ሲጠብ ተማሪ መዛወሩን አንቃወምም፤ የሚዛወረው ግን መምህሩንና ጓደኞቹን ትቶ እንደሚሄድ አይዘንጋብን።