የቤንዚን መኪና ይቅር ሲባል፦ ከኦሞ ሸለቆ እስከ ሙዱላ ትራንስፎርመር
(የንግግር ጽሑፍ)



በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ካስታወቀ ወዲህ፣ ክርክሩ በሁለት ወገን ቆሟል። አንዱ ወገን፣ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን ከአገር ወንዝ ይመነጫል ይላል። ሌላው ደግሞ መብራት በሚጠፋበት አገር ጉዞን በመብራት ላይ መጣል አይገባም ሲል ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ፍርዱ የሚታየው ግን እንደ ሙዱላ ባለች ከተማ ነው።

ጠምባሮን ከዳውሮ የሚለየው የኦሞ ወንዝ ነው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ከኋላው የተኛው ውሃ በሸለቆው ውስጥ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ስለዚህ ኃይሉ ከሙዱላ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ወላይታ ሶዶ ተጉዞ፣ ቮልቴጁ ደረጃ በደረጃ ወርዶ በሰፈሩ ትራንስፎርመር ካላለፈ በቀር ለቤት አይደርስም።

ዳገት ለኤሌክትሪክ መኪና አይመችም የሚለው ስጋት በስሌት ሊመዘን ይገባል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ለከፍታው ብቻ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል፤ ይህም ከ40 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ አንድ አሥረኛው ነው። ሲወርድም ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል። የቤንዚን መኪና ግን ቁልቁለቱ የሰጠውን ጉልበት በፍሬን ሙቀት ያባክነዋል።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። በመኖሪያ ቤት የሚተከል የተለመደ ቻርጀር 7 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ ይኸውም የሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ፍጆታ ማለት ነው። 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ባለው ሰፈር አሥር መኪናዎች አመሻሹ ላይ በአንድነት ቢሰኩ፣ 70 ኪሎ ዋቱ ለእነርሱ ይሄዳል፤ እንጀራ ጋጋሪውና ባለ ወፍጮው በተረፈው ይሻማሉ። ፊውዙ ሲቃጠል ባለ መኪናውም ባለ ምጣዱም በጨለማ ይቀመጣሉ። በዚያው ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያለበት ሾፌር ባትሪው ባዶ ቢሆን፣ የክርክሩ ዋጋ የሚከፈለው በሰው ሕይወት ነው።

መድኃኒቱም የታወቀ ነው፦ ቻርጀሩ ጭነት በሚቀልበት ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዲሠራ በሰዓት መቆጣጠሪያ መግጠም፤ ለሕዝብ መሙያ ጣቢያ የራሱን ትራንስፎርመር መትከል፤ ለአምቡላንስም ተጠባባቂ ኃይል ማዘጋጀት። በካርቡሬተርና በፒስተን ያደገው የጋራዥ ባለሙያም 400 ቮልት ገደማ የሚደርስ ባትሪ በባዶ እጅ እንዳይነካ አስቀድሞ ሊሠለጥን ይገባዋል።

ምን ዓይነት መኪና ይግባ የሚለውን ጥያቄ መንግሥት ወስኗል። መኪናው በሙዱላ ይሄዳል ወይስ ይቆማል የሚለውን የሚወስነው ግን የሰፈሩን ጭነት የሚለካው መሐንዲስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ልኬቱ ከመኪናው መምጣት ሊቀድም ይገባል።