ያረጀ ትራክተር ሙቀት ሲሠራ፦ ዕቃ ከመቀየር በፊት መታየት ያለበት

(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትራክተር ሞተር ሙቀት ነው። በታኅሣሥና በጥር እህሉ አውድማ ላይ ተከምሮ ሳለ ትራክተር ቢያፈላ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የመውቂያ ተራ የሚጠብቁ ጎረቤቶችም ሥራቸው ይቆማል። "ይህችን ክምር ልጨርስ" ተብሎ እየጋለ የሚሠራ ሞተር ደግሞ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጋርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ቺንጋ በመቀየር ያልቅ የነበረው ወጪ ሞተር እስከማስወረድ ይደርሳል።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፦ የሚሞቀው መቼ ነው? በተነሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው ወይስ ጭነት ሲይዝ? መካኒክ ዘንድ ስትሄዱም መጀመሪያ የምትነግሩት ይህን ይሁን።

ጭነት ሲይዝ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ በቅድሚያ ራዲያተሩን ተመልከቱ። ትራክተሩ መውቂያ ሲያንቀሳቅስ እብቅ ውስጥ ቆሞ ይውላል። ቬንትሌተሩ አየር ከፊት ወደ ኋላ ስለሚስብ እብቁ በራዲያተሩ ፊት ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ዘይት ካለበትማ ይጣበቃል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ከቬንትሌተሩ በኩል ወደ ፊት በአየር ወይም ግፊቱ በቀነሰ ውሃ አጽዱት። ከፊት ከነፋችሁት እብቁን ወደ ውስጥ ትወትፉታላችሁ። እህል ስታዘሩ ነፋስ መምረጥ ታውቁበታላችሁ፤ ትራክተሩንም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አቁሙት።

ውጪው ጸድቶም ከሞቀ የውስጡ ቱቦ ሳይደፈን አልቀረም። ሞተሩ ሠርቶ ከጠፋ በኋላ የራዲያተሩን ገጽ በጥንቃቄ ዳስሱ፤ ሌላው ሞቆ አንዱ ቦታ ከቀዘቀዘ ውሃ እዚያ አያልፍም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ከወንዝና ከቦይ የሚቀዳ ድፍርስ ውሃ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ይሻላል፤ ኩላንት ቢጨመርበት ዝገትም ይከላከላል። ቺንጋውንም መሀሉ ላይ በአውራ ጣት ጫኑት፤ ብዙ ከረገበ ቬንትሌተሩና የውሃ ፖምፓው ይሰንፋሉ።

በተነሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከሞቀና ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የላይኛው ማኒኮቶ ግን ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አውጥታችሁ በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥላችሁ አፍሉት። ብዙዎቹ 80 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራሉ፤ ውሃው ፈልቶም ካልተከፈተ ይቀየር። አንዳንድ መካኒክ "አውጥተህ ጣለው" ይላል። እኔ አልስማማም። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። በአንዳንድ ሞተር ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ስለሚዞር ሙቀቱ ይብሳል።

የራዲያተሩን ታፕ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደህና ታፕ ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ሙቀት ከ100 በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም በጨርቅ የተተካ ታፕ ግን ይህን አይሠራም። ቆላ ላይ ደህና ሲሠራ የነበረ ትራክተር ደጋ ሲወጣ ካፈላ ታፑን ተጠራጠሩ።

መፍሰሻው ሳይታይ ውሃ የሚጎድል ከሆነ ዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ እዩ። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ሞተሩን አታስነሱ፤ ወደ መካኒክ ውሰዱት። ዘይቱ ደህና ከሆነ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ታፑን ከፍታችሁ አስነሱት። አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ ጋርኒሲዮኑ ተበልቷል ማለት ነው፤ ይህም የጋራዥ ሥራ ነው።

ሥራ ላይ ሳለ መለኪያው ወደ ቀይ ከወጣ መውቂያውን አላቁና ሞተሩን ያለ ጭነት ለጥቂት ደቂቃ አሠሩት። ማኒኮቶ ፈንድቶ ውሃው ከፈሰሰ ግን ወዲያው አጥፉ። የጋለ ራዲያተር ታፕ አትክፈቱ፤ የሚፈናጠረው ውሃ ፊት ይልጣል። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ፣ ብረቱ ይሰነጠቃል።

ውጪ የቆመው ትራክተር አሁን ቀዝቅዟል። ወጥተን የዘይት መለኪያውንና ቺንጋውን እያንዳንዳችሁ ታያላችሁ፤ ከዚያ ታፑን ከፍተን እናስነሳዋለን።