ውሻው ነገ የት ይበላል?

ከእናንተ ከአድማጮቻችን ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ ቃሉን እየለዋወጠ ደጋግሞ ይመጣል። አንዱ «ገበያ ዳር ያነሳነውን ቡችላ ለማን እንስጠው?» ይላል። ሌላው «ቤት ልንለቅ ነው፤ አዲሱ አከራይ ውሻ አይወድም፤ የሚወስድልን ሰው ከየት እናምጣ?» ይላል። መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሰዓት ቢያጥረኝ እንኳ ይቺ እንዳታመልጣችሁ። ውሻ ስትሰጡ «ማን ይፈልገዋል?» አትበሉ። «ነገ ጠዋት ማን ያበላዋል?» በሉ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ይህን ተረት ሰው መስደቢያ አድርገነው ስንኖር ስለ ውሻ የሚነግረንን ዘነጋነው። ውሻ በሰንሰለት ብዛት ወይም በአጥር ከፍታ የቤት ዘብ አይሆንም፤ ከአንድ ቤት እጅ በየቀኑ ሲበላ ያን ቤት የእኔ ይላል። ቡችላ ሰውንና ሌሎች እንስሳትን የሚለምደው በተለይ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ዕድሜው ከበግ ጋር የዋለ በግን ቤተሰቡ ያደርጋል፤ ሕፃን ያየ ሕፃን አይፈራም። ስለዚህ ሁለት ወር ያልሞላውን ቡችላ ከእናቱ ነጥላችሁ አትስጡ፣ እባካችሁ። ሦስት ወር ሙሉ ጨለማ ጓዳ ቆልፎ «ኃይለኛ ይሁንልኝ» ለሚል ሰው ደግሞ ጭራሽ አትስጡ። ሌት ተቀን የታሰረ ውሻ ጀግና አይወጣውም። ፈሪ ይሆናል፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ የሚነክሰውን አይመርጥም።

ይህ ለእኛ አገር የተለየ ትርጉም አለው። ደቡብ ጎንደር ከዙር አባ እስከ ቤተልሔም የአብነት ትምህርት አገር ነው። የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል መጀመሪያ የሚቀበለው ውሻ ነው። በደንብ የተያዘ ውሻ ይጮኻል፤ የቤቱ እመቤት ከውስጥ «ተው!» ስትለው ግን ጆሮውን ጣል አድርጎ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ያ «ተው» የሚሰማው ምግቡን የሰጠችው እሷ ስለሆነች ነው። ማንም ያላበላውን ውሻ ማንም «ተው» ሊለው አይችልም።

አሁን «ሰው በሚቸገርበት ጊዜ ስለ ውሻ ቀለብ ታወራላችሁ?» የምትሉ አላችሁ። ቅሬታው ተገቢ ነው። ግን ያልበላ ውሻ ከከተማው ጠፍቶ አይሄድም፤ ቆሻሻ ገንዳውና ሥጋ ቤቱ ደጅ ይሰበሰባል፣ እዚያው ይወልዳል። ከማዕድ የተረፈ እንጀራና አጥንት ለአንድ ውሻ ይበቃ ይሆናል፤ ለሦስት አይበቃም። ይህን አስቦ «አልችልም» ያለውን ሰው አመስግኑት እንጂ አትለምኑት። በይሉኝታ የተቀበለ ሰው ከወር በኋላ መልሶ መንገድ ላይ ይጥለዋል።

ሌላው «መርዝ ይረጭና እንገላገል» የሚለው ነው። እስቲ በእብድ ውሻ በሽታ በኩል እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰውን ከሚይዘው የዚህ በሽታ ክስተት እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። ሰንሰለቱን የሚበጥሰው ግን ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉን መከተብ ነው እንጂ መግደል አይደለም፤ በተገደለው ቦታ ያልተከተበ ሌላ ይተካል። ቤቱ የታወቀ ውሻ ሌላም ጥቅም አለው። ሰው ቢነክስ ለ10 ቀን ታስሮ ይታያል፤ በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ባለቤት የሌለውን ማን አስሮ ያያል? የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን አይጠብቅም፤ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። እንግዲህ ቤት የመፈለጉ ጉዳይ ለውሻው ከማዘን ያለፈ ነው፤ የሰፈሩን ልጆችም መጠበቅ ነው።

«ውሻ ቤት ማስገባት ከሃይማኖታችን ጋር አይሄድም» ለምትሉም፣ ማን ግባ አለው? ቦታው ደጅ ነው። የደብረ ታቦር የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ነፋስ የማያገኘው ጥግና አንድ ክምር ጭድ አትንፈጉት።

ሰዓቱ እየገፋኝ ነው፣ የቀረውን በአጭሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይጀመራል፣ በየዓመቱም ይደገማል፤ ወረዳችሁ ያለውን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። በተለይ ቀይ ቀበሮ ወደሚኖርበት ከፍታ ለሚሄድ ውሻ ይህ አይታለፍ። በፈረንጆቹ 2003 ባሌ ላይ ከውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ ጨርሷል፤ በአገር የቀሩት ሁሉ ተደምረው ጥቂት መቶዎች ናቸው። ሴት ቡችላ «ወንድ ትሰበስብብናለች» ተብላ ትጣላለች፤ እሷም ግን እኩል ትጠብቃለች፣ እንዳትወልድ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና በምታገኙበት አሠሩላት። ከሰጣችሁ በኋላ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ሄዳችሁ እዩ፤ «ካልሆነላችሁ መልሱልን» ማለትም ነውር አይደለም።

በመጨረሻ ያቺኑ ጥያቄ በሌላ መልክ ልድገማት። ሊወስድ የመጣውን ሰው «በምን ዕቃ ታበላዋለህ?» በሉት። «አንድ ስባሪ ሸክላ አለችኝ፣ ጉድጓዱ አጠገብ አኖርለታለሁ» ካላችሁ ስጡት። ዝም ብሎ ካያችሁ፣ ቡችላው እናንተ ዘንድ አንድ ሳምንት ይቆይ።